የባሕሩ ነው ወይስ የፋብሪካው

ዲሴምበር 3

ደሴቱ ገባሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደኝ የእህቴ የዶርካ ባል ሲላስ ነው። እስከ ዛሬ ስመጣ የሚቀበለኝ አባቴ፣ ባባ፣ ነበር።

«ባባስ?» አልኩት።

«ቤት ነው።»

«አሞታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ቁጭ ብሏል።»

ቤት እስክንደርስ አልገባኝም። ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ ኩኪ የምንለው ነፋስ ዝናቡን ይዞ ሊመጣ ጥቂት ሳምንት በቀረበት በዚህ ጊዜ አባቴ ቤት ቁጭ ብሎ አያውቅም። ጀልባዋ ማንጎው ሥር ተደፍታለች፤ ላይዋ ቅጠል ተከምሯል። የዱጎንግ፣ የዚያ ትልቅ የባሕር እንስሳ፣ ማደኛው ጦር ከግድግዳው ላይ ወርዷል። የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

ባባ ተነስቶ አቀፈኝ። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል። «ሻይ አለ» አለኝ። ከምሠራበት ከታውንስቪል ከተማ ድረስ ምን ልጠይቀው እንደመጣሁ አልነገርኩትም። ነገ።

ዲሴምበር 4

አልነገርኩትም።

ማስታወቂያው አሁንም የሱቁ በር ላይ አለ። ፀሐይ አጠውልጎታል እንጂ ይነበባል። በዱጎንግ ስብ ውስጥ ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ተገኝቷል ይላል፤ ሶፋና ቴሌቪዥን ቶሎ እሳት እንዳይዛቸው ፋብሪካዎች ከሚጨምሩት ጋር ይመሳሰላል፤ ተጨማሪ ምርመራ እስኪደረግ እርጉዝ ሴቶችና ሕፃናት ባይበሉ ይመከራል።

ያንን ስብ ቆርጬ ለምርመራ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ባባ ለአማ ድግስ ብሎ ካደናት ዱጎንግ ነው። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላት፤ የመቃብር ድንጋይዋ ተሸፍኖ የሚገለጥበትንና የሚደገስበትን ቀን ይጠብቃል። ሥጋውና ጮማው ፍሪዘር ውስጥ ነው። የሚገልጠው ሰው ደግሞ ቁጭ ብሏል።

ዶርካ ልጇን ያጣችው ጁላይ ላይ ነው። እርግዝናዋ ሰባት ወር ገብቶ ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜ ሁሉ ባባ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጮማ ቀቅሎ ያበላት ነበር፣ ለእርጉዝ ጥሩ ነው እያለ፤ እናቱም ያደረገችው እንደዚያ ነበርና። ማስታወቂያው የተለጠፈው ኦክቶበር ላይ። ጀልባዋን የገለበጣት ያን ቀን ከሰዓት ነው አለችኝ ዶርካ።

ማንም ምንም አላለውም። እኔም አላልኩትም። ቢሉት ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ይመልስ ነበር።

ዲሴምበር 6

ዛሬ ነገርኩት። ሲላስ ቀድሞኝ ኖሯል።

«ፍሪዘሩን ነው የምትፈልጊው አሉኝ» አለኝ ባባ።

«ሁሉን አይደለም። አሥር ኪሎ ያህል ጮማ።»

«አሥር ኪሎ! ያኔ የወሰድሽው እኮ እፍኝ አይሞላም።»

«ያኔ ኬሚካሉ መኖሩን ለማየት ነው። አሁን ከየት እንደመጣ ነው የምፈልገው። ለዚያ ብዙ ያስፈልጋል።»

«እስቲ አስረጂኝ። እንደ ዶክተር ሳይሆን እንደ ሰው።»

ነገርኩት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን ይወስዳል፤ በዚያ ካርቦን ውስጥ እጅግ ጥቂት ራዲዮካርቦን አለ። የሞተ ነገር አዲስ አይወስድም፣ የነበረው ቀስ እያለ ያልቃል። ፋብሪካ ኬሚካሉን የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። ነዳጅ ማለት ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት የተቀበረ ሬሳ ነው፤ ራዲዮካርቦኑ ድሮ አልቋል። ኬሚካሉን የሠራው እዚሁ ባሕር ውስጥ ያለ፣ ስፖንጅ የሚባለው ፍጡር ወይም አልጌ ከሆነ ግን ራዲዮካርቦኑ ገና አለበት። ዱጎንጓ የባሕሩን ሣር ስትግጥ አብራ በልታዋለች ማለት ነው።

«እና ኬሚካሉን ዕድሜህ ስንት ነው ልትዪው ነው።»

«እንደዚያ በለው።»

«ፋብሪካ ነኝ ካለሽስ?»

«ፋብሪካ ነው እላለሁ።»

«ለእኔም?»

«ላንተም።»

ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና ኩባያውን አጠበ። «የአማሽ ድግስ ነው» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «ግማሹን ውሰጂ። ግማሹ ይቆይ። ምናልባት…»

ምናልባት ምን እንደሆነ አልጨረሰውም። «ላንተም» ያልኩት ለምን እንደዚያ ቶሎ ብዬ ነው? ጀግና ለመምሰል ይሆን። እሱ ፊቱን ሲያዞር ነው ያፈርኩት።

ዲሴምበር 8

ነገ እመለሳለሁ። ዶርካ ልትሰናበተኝ መጣች። ዓሣ እየጠበስኩ ነበር፤ በሩ ላይ ደርሳ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። ውጭ ተቀምጣ የለጋ ኮኮናት ውሃ ብቻ ጠጣች፣ ሁለት አከታትላ። ትላንትም እንዲሁ። ሐዘኑ ገና አልለቀቃትም፤ ምግብ አይወርድላትም። ሲላስ እንዲከታተላት ነገርኩት። «እየተከታተልኩ ነው» ብሎ ሳቀ። በዚህ ምን እንደሚያስቀው እንጃ።

ዲሴምበር 13፣ ታውንስቪል

ማቅለጥ። ማሟሟት። ማጣራት። ጸጉሬ ጮማ ጮማ ይሸታል። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ወንበር ቀየረች።

ዲሴምበር 16

ያ ሁሉ ጮማ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ወርዶ ወርዶ፣ አሁን የቀረኝ ከአንድ ቁንጥጫ ጨው ያነሰ ነገር ነው። እሱም ንጹሕ መሆን አለበት። የማሟሟበት ፈሳሽ ራሱ ከነዳጅ የተሠራ ነው፤ ጥቂት ቢቀርበት የሞተ ካርቦን ይጨምርበታል፣ ባሕሩ የሠራውን ፋብሪካ ያስመስለዋል። ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ማርጀሪ መጥታ አየችኝ። «ተኝተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ፊቴን አየችና ሳንድዊቿን ለሁለት ቆርሳ አንዱን ትታልኝ ሄደች።

ዲሴምበር 19

ራዲዮካርቦኑን በማሽን ወደሚለካው የካንቤራ ላቦራቶሪ ዛሬ ላክሁት። ነገ ለገና ይዘጋል፤ መልእክተኛው ከሰዓት በኋላ አልጠብቅም አለ። ከዛሬ ካለፈ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው የሚለካው። ባባ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እንዲህ ሊቀመጥ?

ፈሳሹ ደርቋል። የደረቀ ይመስለኛል።

ዲሴምበር 25

ስልክ። ሁሉም ደህና ናቸው። በየገናው ከአዳራሹ ፊት የሚጨፍረው ባባ ዘንድሮ ከበሮውን ለሲላስ ሰጥቶ ቤቱ ገባ። አካ ሴሪና ሄዳ «ኢኖክ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ እየጨፈርኩ አንተ ትተኛለህ?» ብትለው «አካ፣ እግሬን አሞኛል» አላት። እሷም «ያንተ እግር የት ጋ እንዳለ አውቃለሁ» ብላው ወጣች። አካ ሴሪና የደሴቱ ሁሉ አያት ናት፤ የፈለገችውን ትናገራለች።

ዶርካ በድምፅዋ ደህና ትመስላለች። ወፍራለች ይላሉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጃንዋሪ 14

ውጤቱ ከካንቤራ መጣ።

ግማሽ።

ሙሉ በሙሉ የሞተ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ሕያውም አይደለም። ግማሽ። ግማሹ ከፋብሪካ፣ ግማሹ ከባሕር የመጣ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሌላ ነገር።

ለዶርካ ደወልኩ። «ግማሹ ነው ማለት ነዋ» አለች። «ገና ነው፣ እንዳትናገሪ» አልኳት። ለማን ትነግራለች ብዬ አጥብቄ አላስጠነቀቅኳትም።

ጃንዋሪ 16

የተረፈውን ቅንጣት ራሴ መረመርኩት። ማሟሚያው ፈሳሽ አለበት። ብዙ አይደለም፤ ግን እንዲህ ትንሽ በሆነ ነገር ላይ ለማበላሸት ይበቃል። አልደረቀም ነበር። አውቅ ነበር መሰለኝ። በዚያች ቀን እጄ ቱቦውን ሲያሽግ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ ማርጀሪ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ስልክ ላይ ናት። «ጎበዝ ናት፣ ከሷ የተሻለ የለኝም» ትላለች። «ግን የገዛ አባቷ ነው እኮ። ምን እንዲወጣ እንደምትፈልግ ሕንጻው ሁሉ ያውቃል።»

ተመልሼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እንደገና መጣሁ። የሰማሁትን አልነገርኳትም። ማሟሚያ እንደተገኘና መደገም እንዳለበት ነገርኳት።

«አምንሻለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ውጤቱ ሕያው ነው ብሎ ቢመጣ ኖሮ የተረፈውን ትመረምሪው ነበር?»

አልመለስኩላትም። እዚህ ልመልስ። አልመረምረውም ነበር። ሻምፓኝ እከፍት ነበር።

«እንግዲያው የትኛው ምን እንደሆነ ሳታውቂ ትመረምሪዋለሽ» አለችኝ። «ቁጥሩን እኔ እሰጣለሁ።» እሺ አልኳት። ጮማ ግን የለኝም። ያለው ባባ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ «ይቆይ» ያለው ግማሽ።

ጃንዋሪ 20

ሲላስ ደወለ። ዶርካ ለእሱ ነገረችው፣ እሱ ለወንድሙ፤ አሁን ደሴቱ ሁሉ «ግማሽ መርዝ ነው አሉ» ይላል። ባባ ሱቅ ውስጥ ነው የሰማው። ቤት ገብቶ ፍሪዘሩን ከፈተ። እስኪመሽ አልዘጋውም።

«እባክሽ ነይ» አለኝ ሲላስ። ሲላስ እባክሽ ብሎኝ አያውቅም። የነገው አውሮፕላን በዝናብ ቀርቷል። ከነገ ወዲያ።

ጃንዋሪ 22፣ ደሴቱ

ሲላስ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የጠበቀኝ። «ጀልባዋን አቃንቷታል» አለኝ። «ሳጥኖቹን እየጫነ ነው።»

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም ነበር። ባባ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ የመጨረሻዋን ሳጥን ያስተካክላል። ቻርልተን የሚባለው ውሻው ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ውሻው እንኳ አልቀረም።

«ባባ!»

«ኬዛያ፣ ቤት ግቢ። በስብሰሻል።»

«የት ልትወስደው ነው?»

«ወደመጣበት።»

«መጀመሪያ ስማኝ።»

«ሰማሁ እኮ። ግማሹ ነው ብለሻል። ሙሉ ቢሆንና ግማሽ ቢሆን ለዚያች ሕፃን ምን ለውጥ አለው?»

«እኔ ተሳስቼ ነው» አልኩት። መጮህ ነበረብኝ፣ በዝናቡ ምክንያት። «ማሟሚያው ሳይደርቅ ቸኩዬ ላክሁት። እሱ ደግሞ ከነዳጅ የተሠራ ነው። ማሽኑ የቆጠረው የሱን ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አዎ። ላይሆንም ይችላል። እንደገና ካልሠራሁት አላውቅም፤ ይህን ጮማ ካፈሰስከው ደግሞ መቼም አላውቅም።»

የሚፈልገው ሌላ ቃል ነበር። አውቃለሁ። ብሰጠው ደስ ባለኝ። ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ያን ጊዜ ዶርካ በባዶ እግሯ፣ ጃንጥላዋ በነፋስ ተገልብጦ እየሮጠች መጣች። ሲላስ «አትሩጪ!» እያለ ተከተላት።

«ስጣት ባባ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን አስወጣሽ በዚህ ዝናብ?»

«ስጣት። ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ካንተም ከሷም በፊት እኔ ነኝ ማወቅ ያለብኝ።» እርጥቡ ቀሚሷ ሆዷ ላይ ተጣብቋል። ሁለቱንም እጆቿን እዚያ ላይ አደረገች።

ባባ አየ። እኔም አየሁ።

የለጋው ኮኮናት፣ የዓሣው ሽታ፣ የሲላስ ሳቅ። ሁሉንም በእጄ እዚሁ ጽፌዋለሁ። ጽፌ አላነበብኩትም።

«መቼ ነው?» አለ ባባ።

«ጁን መጨረሻ። ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ባየኸኝ ቁጥር ከሰሃኔ ላይ ዓይንህን አትነቅልም፣ እንዴት ልንገርህ?»

ባባ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ማውረድ ጀመረ። ሲላስ ሊያግዘው ቢጠጋ በክንዱ ገፋ አደረገው። የመጨረሻዋን እኔ እግር ሥር አስቀመጣት።

«ይኸው» አለኝ። «ቀስ ብለሽ ሥሪው፣ እሺ? ቀስ ብለሽ። ስለ እኔ አትቸኩዪ።»

ፌብሩዋሪ 5፣ ታውንስቪል

ቀስ ብዬ።

ፌብሩዋሪ 18

ሦስት ቱቦ ነው የምሠራው። አንዱ ከፋብሪካ የተገዛው ኬሚካል ነው፤ እሱ ሞቶ መምጣት አለበት። አንዱ ከሸንኮራ የወጣ ስኳር ነው፤ እሱ ሕያው ሆኖ መምጣት አለበት። አንዱ የኛ ነው። አዘጋጅቼ ስጨርስ ማርጀሪ ወስዳ ቁጥር ትለጥፍባቸዋለች። እኔ የማውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ዶርካ በየቀኑ ማታ ትደውላለች። ስለ ሥራው አትጠይቅም። ስለ ባባ ትነግረኛለች። ጀልባዋን እንደገና አልገለበጣትም፤ ግን አልወጣምም። ጠዋት ጠዋት ሄዶ የሰበሰበችውን የዝናብ ውሃ ይጨልፍላታል። ከእርግዝናዋ ወሬ ወዲህ ምግብ አያበስልላትም፤ ከሱቅ ብስኩት ገዝቶ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። «ጎጆዬ የብስኩት መጋዘን ሆኗል» ትላለች። እየሳቀች ጀምራ አልጨረሰችውም።

ፌብሩዋሪ 21

ዛሬ ማድረቂያው ላይ ሳለ መልእክተኛው መጣ። ነገ ና አልኩት። አጉረመረመ። ያጉረምርም።

ፌብሩዋሪ 22

ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሦስቱንም መረመርኩ። ንጹሕ ናቸው። ማርጀሪም ራሷ መረመረች። «ንጹሕ» አለች፣ ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ያኔ በስልክ ያለችውን እንደሰማሁ የምታውቅ ይመስለኛል።

ማርች 2

ዐውሎ ነፋስ። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ነኝ፣ መብራት የለም። ደሴቱ ላይ ስልክ አይሠራም።

ፋብሪካ ነው ብሎ ቢመጣ ምን እንደምለው እለማመዳለሁ። ባባ፣ አላወቅክም ነበር። ባባ፣ ማንም አላወቀም። ባባ፣ አንተ ያበላሃት ፍቅርህን ነው። ሁሉንም ጮክ ብዬ እሞክረዋለሁ። ሁሉም ውሸት ባይሆንም ውሸት ይመስላል።

የምፈልገውን ውጤት ስለፈለግኩ ብቻ እቀጣለሁ የሚል ስሜት አለኝ። ይህን ሳይንቲስት መጻፍ የለበትም።

ማርች 4

ስልኩ ሠራ። ደህና ናቸው። የዶርካ ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ሄዷል፣ ባባ ወጥቶ ሌላ መታበት። «ወጣ?» አልኳት። «ወጣ። አናቱ ላይ ሆኖ ሲላስን ሲሳደብ ነበር።» ደስ አለኝ።

ማርች 9

መጣ።

ማርጀሪ ጠርታኝ ወረቀቱን በመካከላችን አስቀመጠች። ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ውጤት። የቱ የማን እንደሆነ የሚለው የሷ ወረቀት ገና በእጇ ነው።

አንዱ ሞቷል። ሁለቱ ሕያው ናቸው።

የፋብሪካው መሞት አለበት። ሞቶ የመጣው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ማርጀሪ ወረቀቷን ልታነብልኝ ስትል ጠረጴዛውን ይዤ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሳታነበው አስቀመጠችው። «ሄደሽ አልቅሺ» አለችኝ። «ሪፖርቱን ነገ እንጽፋለን።»

ባባ ጋ አልደወልኩም። ይህን በስልክ አልናገርም። አንድ ጊዜ በስልክ ተናግሬ አይቻለሁ።

ማርች 15፣ ደሴቱ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማስታወቂያውን የለጠፈው የጤና ቢሮም አንድ ወጣት ልኳል፤ ከፊት ተቀምጦ ይጽፋል። ባባ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። እኔ አማርጬ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ለባባ እንደነገርኩት ለሁሉም ነገርኩ። ኬሚካሉ ከፋብሪካ አይደለም፤ ባሕሩ ውስጥ ያለ ሕያው ነገር ነው የሚሠራው።

አካ ሴሪና ዱላዋን ወለሉ ላይ መታች። «እሺ ልጄ፣ ረጅም ነው። ይበላል አይበላም?»

«አካ፣ ከፋብሪካ አይደለም። ጥንትም ባሕሩ ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያንቺም አያት በልታዋለች። ግን የባሕር ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ሌላ ጥናት ነው። እሱን ገና አላውቅም።»

«የኔ እናት አሥራ አንድ ልጅ በዚሁ ጮማ አሳድጋለች» አለች። ዞር ብላ የምክር ቤት አባል የሆነውን ታናሽ ወንድሟን አየችው። «አንዱ ብቻ ነው እንዲህ ሆኖ የቀረው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጤና ቢሮው ልጅ እንኳ ብዕሩን አስቀመጠ። ማስታወቂያው ተስተካክሎ ይጻፋል አለ፤ የታወቀውም ያልታወቀውም። ሳቁ ሲበርድ ወደ በሩ ተመለከትኩ። ባባ የለም።

ባሕሩ ዳር ጀልባዋን ተደግፎ አሸዋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሕፃኗን ምን ወሰዳት?»

«አላውቅም ባባ።»

«ማሽኑስ?»

«እሱም አያውቅም። ሐኪሞቹም አላወቁም። አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ጁላይ ላይ ለዶርካ ብዬ ዋጥኩት» አለ። «አባት ነኝ፣ እኔ ካለቀስኩ እሷ ምን ትሆናለች ብዬ። ኋላ ያ ወረቀት ተለጠፈ። እኔ ነኝ አልኩ። ገዳዩ ራሱ አያለቅስም አልኩ። አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩላትም እኮ፣ ኬዚ። የልጅ ልጄን።»

ኬዚ ብሎ የጠራኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ በአማ ቀብር ላይም እንኳ። የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ጀርባው ላይ እጄን አደረግኩ።

ዶርካ በአሸዋው ላይ ሆዷን ይዛ እያጉረመረመች መጣች። «ጥላችሁኝ ሄዳችሁ ከአካ ሴሪና ጋር! ለልጄ ስም እያወጣች ነው። እስካሁን የወጡት ሁሉ የሷ የድሮ ወዳጆች ስሞች ናቸው።» ከዚያ የባባን ፊት አየች። እኔን ገፋ አድርጋ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ፣ በመካከላችን ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የአማን ድንጋይ» አለች፣ «ከወለድኩ በኋላ እንግለጠው። ልጄም ይገኝ።»

«ጥሩ» አለ ባባ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ጀልባዋ ቀለም ትፈልጋለች።»

ዶርካ በድንገት ቀና አለች። «ቆይ» አለችና የባባን እጅ ይዛ ሆዷ ላይ፣ ወደ ጎን አድርጋ፣ አስቀመጠችው። ባባ እጁን ሊመልስ ነበር። ያዘችው። «እዚህ ጋ። አሁን። ይኸውልህ!»

«ምኑ ነው?»

«እግሩ ይሁን ክርኑ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ኃይለኛ ነው» አለ ባባ፣ በታፈነ አፍንጫ።

«እንዳንተው ነዝናዛ ነው።»

ዝናቡ ከባሕሩ ላይ ሲመጣ ይታየናል። ሲላስ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን እያውለበለበ ይጣራል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አሸዋው ላይ ወደቁ።

«ባባ፣ እንግባ፣ ልትበሰብስ ነው» አለችው ዶርካ።

«ትንሽ» አለ።

እጁን አላነሳም።